የግሪኩ ባርኔጣ

ስልኬ ሲጠራ አላነሳሁትም። ቁጥሩን አላውቀውም። ኔትወርክ ለወራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ቀድሞ የሚገባው የሞት ወሬ መሆኑን ካየሁ ወዲህ የማላውቀውን ቁጥር ማንሳት ትቻለሁ። ደግሞ ሲጠራ ትራስ ጫንኩበት። በሦስተኛው አነሳሁት።

«መምህርት፣ እኔ ነኝ፣ ይታይሽ» አለች የድሮ ተማሪያችን። «መምህር ስሜነህ አረፉ። ትናንት ቀበርናቸው። ሰልስታቸው ነገ ነው።»

መጀመሪያ የተሰማኝ ኀዘን ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር። ግን ፍርሃት ነው። ይህች ልጅ ቁጥሬን ከማን አገኘች? ማንስ አብሮ እየሰማ ይሆን? «እሺ» ብዬ ዘጋሁና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። እንባዬ የመጣው ዘግይቶ፣ ለምሳ ሽንኩርት ስከትፍ ነው፤ ሽንኩርቱ ይሁን እሳቸው ለይቼ አላወቅሁም።

መምህር ስሜነህን ፍኖተ ሰላም ውስጥ በስማቸው የሚጠራቸው ጥቂት ሰው ነበር። ተማሪው ሁሉ «ግሪኩ» ነው የሚላቸው። ከቡሬ ገጠር የወጡ፣ ረጅም፣ ትከሻቸው ወደ ፊት የጎበጠ፣ አረንጓዴ ባርኔጣ ከራሳቸው የማይለይ ሰው ነበሩ፤ ግሪክን ከካርታ በቀር አያውቋትም። ስሙ የወጣላቸው ስነ ዜጋ ሲያስተምሩ ከመጽሐፉ እየወጡ ስለ አንድ የጥንት ግሪካዊ ፈላስፋ ስለሚያወሩ ነው። ፈላስፋ እንኳ አይሉትም። «ሰውዬው» ነው የሚሉት፣ ጠዋት ማንኩሳ ገበያ አግኝተውት የተመለሱ ይመስል።

የሒሳብ ክፍሌ ከሳቸው ክፍል ጋር በአንድ ስስ ግድግዳ ይዋሰናል። እኔ ሰሌዳው ላይ ኤክስና ዋይ ስደረድር የተማሪዎቼ ጆሮ ከግድግዳው ወዲያ ነው። እውነቱን ልናገርና የእኔም ጆሮ እዚያ ነበር።

«ሰውዬው ምን ይላል መሰላችሁ?» ይላሉ ጠመኔያቸውን በሁለት ጣት እያሽከረከሩ። «ከተማ ውስጥ የሚኖር ሁሉ ዜጋ አይደለም ይላል። መኖርማ ድመትም ትኖራለች። ዜጋ ማለት ተራው ሲደርስ የሚገዛ፣ የሌላው ተራ ሲደርስ ደግሞ የሚታዘዝ ነው። ሁልጊዜ የሚያዝ ሰው ዜጋ አይደለም። ሁልጊዜ የሚታዘዝም አይደለም።»

ይህን ካሉ በኋላ አባታቸውን ሳያነሱ አያልፉም። አባታቸው በአገራቸው የውሃ አባት ነበሩ፤ ወንዙን ጠልፈው በርበሬና ሽንኩርት የሚያጠጡት ገበሬዎች ተራቸውን እንዳይነጣጠቁ የሚያስከብሩ ሰው። «አባቴ ፊደል አልቆጠረ። ግን ሰውዬው ከኔ ይልቅ የገባው ለሱ ነው» ይሉ ነበር። «የራሱ በርበሬ ዓይኑ እያየ ይደርቃል፣ እሱ የጎረቤቱን ቦይ ይከፍታል። ምን ያድርግ? ተራው የሱ አይደለማ!»

ከሰውዬው ጋር ሁሌ ፍቅር አልነበሩም። አንድ ቀን ይታይሽ እጇን አወጣች። እሷም እንደሳቸው ከቡሬ ገጠር መጥታ ከተማ ቤት ተከራይታ የምትማር፣ ስትጠይቅ ድምፅዋ የማይወጣ፣ ስትከራከር ግን የማትለቅ ልጅ ነች። «መምህር፣ ሰውዬው ሴቶችን ዜጋ ይላል?» አለች።

«አይልም።»

«ገበሬንስ?»

«ጊዜ የለውም ብሎ ይተወዋል። ባሪያም አለው፣ ያንንም ትክክል ነው ይላል።»

«እንግዲያ እኔንም አባቴንም ከበር መልሶን ነዋ! ለምን እንማረዋለን?»

ደወሉ ተደወለና መምህር ስሜነህ መጽሐፋቸውን ይዘው ወጡ። በማግስቱ ክፍል ሲገቡ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «ይታይሽ፣ እኔና ሰውዬው ተኳርፈናል» አሉ። «አንች ልክ ነሽ፣ እሱ ተሳስቷል። ተራ የሚለውን ነገር አመጣልን፣ ከዚያ ተራውን ለራሱ ዘመዶች ብቻ አደለው። ተራውን እንውሰድ፣ አድልዎውን እንተውለት።» ለሁለት ሳምንት ያህል ስሙን ሳያነሱ አስተማሩ፤ ኩርፊያቸው የምር ነበር።

ዕጣው የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። በሰውዬው አገር ሹመት በዕጣ ይሰጥ እንደነበር ከነገሯቸው ወዲያ፣ የክፍሉ አለቃ በየሳምንቱ በዕጣ እንዲለወጥ ተስማሙ። አጣጣሉ ግን የግሪክ አልነበረም፣ የገጠራችን ነው። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ትንሽ ነገር ያመጣል፦ ባቄላ፣ የእስክሪብቶ ክዳን፣ ጠጠር፣ የበቆሎ ፍሬ። ሁሉም ባርኔጣው ውስጥ ይገባል። የትኛው የማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ከውጭ ተጠርቶ አንዱን ያወጣል። ያ ሰው እኔ ነበርኩ። ሰኞ ጠዋት ግድግዳው በዳስተር ሦስት ጊዜ ሲመታ የሒሳቡን ክፍል ትቼ እሄዳለሁ፣ ዓይኔን እጨፍናለሁ፣ እጄን እሰዳለሁ። የወጣለት ልጅ ለሳምንት ያዛል፤ ቀጥሎ የወጡት ሁለቱ አንዱ ዳኛ አንዱ ጸሐፊ ይሆናሉ። ስማቸው በወረቀት ተጽፎ በር ላይ ይለጠፋል።

ወረቀቱ ላይ «የሳምንቱ ገዥ» ብለው ነበር የሚጽፉት። ገና ያን ጊዜ ቃሉ አስፈርቶኛል። «መምህር፣ እባክዎ ሞኒተር ይበሉት» አልኳቸው።

«ሞኒተር ስም ጠርቶ ዝም የሚያሰኝ ነው» አሉኝ። «እኔ የማስተምረው መግዛትን ነው። ደግሞም ከመግዛት መውረድን። ሰኞ ሲመጣ እንዴት ቅር ሳይለው ወረደ? እሱን ነው የማየው።»

አንድ ጥፋት ነበረባቸው። የራሳቸውን ዕጣ አይጨምሩም። ልጆቹ ቢጠይቋቸው «እኔማ መምህር ነኝ» ብለው ያልፋሉ። ይታይሽ ግን አልለቀቀቻቸውም፤ «የሁልጊዜ ገዥ እርስዎ ሊሆኑ ነው?» አለቻቸው። ከት ብለው ሳቁ። ከዚያ የጠመኔ ቁራጭ ሰብረው ባርኔጣው ውስጥ ጣሉ። ያን ቀን በክፍሌ በር ሲያልፉ ፊታቸው እንደ ልጅ በርቶ ነበር።

ፈሪ ነበሩ። ይህን የምጽፈው ላሳንሳቸው አይደለም፣ ራሳቸው በየሄዱበት የሚናገሩት ነው። ከተማው እየከበደ ሲመጣ፣ ባጃጅ ከቀትር በኋላ መሥራት ሲያቆም፣ ሞተር ሳይክል ባለፈ ቁጥር ሰው ከበሩ ላይ ወደ ውስጥ ሲሸሽ፣ እኛን መምህራንን አንድ አዳራሽ ሰበሰቡን። አንድ ወረቀት ተያዘና ለዚህ እጅ አውጡ ተባልን። ምን እንደሚል አልተነበበም። እኔ ከሁሉ ቀድሜ አወጣሁ፤ ቢቻል ሁለቱንም እጆቼን አወጣ ነበር።

መምህር ስሜነህ ከጎኔ ተነሱ። የኮታቸውን ጫፍ ይዤ ብጎትት አልተቀመጡም። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«እየፈራሁ ነው የምናገር» አሉ። «ጉልበቴን እዩት። ግን እጅ የማወጣለት ነገር ይነበብልኝ።»

ሰብሳቢው ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ በችኮላ አነበበው። ከዚያ አብዛኛው እጅ ደግሞ ወጣ፣ የእኔም ጭምር። የሳቸው አልወጣም። ስንወጣ ተቆጣሁ። «ምነው መምህር፣ ፈራሁ ብለው የሚናገሩት? ደካማ ያስመስልዎታል» አልኳቸው።

«አይ አንች ልጅ» አሉኝ። «ጀግና ሲናገር ሰው ‹እሱማ ጀግና ነው› ብሎ ተመችቶት ይቀመጣል። እንደኔ ያለ ፈሪ ሲናገር ግን የተቀመጠው ያፍራል።» ትንሽ ሄደው ቆሙና፣ «ክፉ ገዥ ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ሰው እርስ በርሱ ሲፈራራ ነው ይላል ሰውዬው። መፍራቴን ካልተናገርሁ አንችም ትፈሪኛለሽ» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ እሳቸውንም መፍራት ጀምሬ ነበር። ከሳቸው ጋር ማን አይቶኝ ይሆን ብዬ መንገድ ቀየርኩ።

ከዚያ ያ ሰኞ መጣ። ክፍሉ ግማሽ ያህሉ ባዶ ነበር፤ የገጠሮቹ ልጆች ብዙዎቹ ቤተሰብ ጠርቷቸው ሄደዋል። ከሌሊቱ ጀምሮ በጅጋ በኩል ተኩስ ይሰማ ስለነበር የመጡትም ከመስኮት ርቀው ተቀምጠዋል። ግድግዳው ሦስት ጊዜ ተመታ። ዛሬ እንኳ ይቅር ብዬ ልነግራቸው ሄድኩ። መምህር ስሜነህ ግን ባርኔጣውን ዘርግተው ጠበቁኝ፤ «ዛሬ ከተውነው ነገም እንተወዋለን» አሉ። ዓይኔን ጨፈንኩና እጄን ሰደድኩ። ጣቴ አንድ ነገር ያዘ። ገና ሳወጣው በሩ በእግር ተመታ።

ሦስት ሆነው መሣሪያ ይዘው ገቡ። የማንኛው ወገን ሰዎች እንደነበሩ አልጽፍም። አሁንም እፈራለሁ። ፊት የነበረው ከበሩ ላይ የገነጠለውን ወረቀት ይዟል።

«ይኸ ምንድን ነው? ገዥ፣ ዳኛ፣ ጸሐፊ! የማን መዋቅር ነው?»

«የክፍል ሥራ ነው» አሉ መምህር ስሜነህ።

«ገዥ የሚሾም ክፍል የት አገር ነው ያለ? ማን ነው ያስተማራችሁ?»

«አንድ ግሪካዊ ሰውዬ…»

«የት ነው የሚገኘው?»

«ሙቷል።»

«ማን ገደለው?»

በሌላ ቀን ቢሆን ክፍሉ በሳቅ ይፈርስ ነበር። ባለመሣሪያው ወረቀቱ ላይ ያሉትን የሦስት ልጆች ስም ጮክ ብሎ አነበበ። ከሦስቱ አንደኛው እዚያው ነበር፤ ስሙን ሲሰማ አንገቱን ዴስኩ ውስጥ ቀበረ።

«እነሱማ ወርደዋል» አሉ መምህር ስሜነህ ቶሎ ብለው። «ያለፈ ሳምንት ነው። እዚህ ቤት የሚጠየቅ ተራው የደረሰው ብቻ ነው።»

«እንግዲያ ተራው የደረሰው ማን ነው? እሱን ይዘን እንሂድ።»

ሁሉም ዓይን ወደ ጨበጥኩት እጄ ዞረ። ውስጡ ያለውን በጣቴ አወቅሁት። ትንሽ፣ ድቡልቡል፣ መሐሉ የተበሳ ነገር ነው። የማን እንደሆነ አላወቅሁም። ጠመኔ እንዳልሆነ ግን አውቄያለሁ። ከነዚህ ልጆች ያንደኛቸው ነው።

«እኔ ነኝ» አሉ መምህር ስሜነህ። «ተራው የኔ ነው። ያወጣችው እሷ ናት፣ ጠይቋት።»

ባለመሣሪያው ወደ እኔ ዞረ። «እውነት ነው?»

መምህር ስሜነህ አዩኝ። ከንፈራቸው ነጭ ሆኗል፤ ባርኔጣው በሁለት እጃቸው ውስጥ ይርገፈገፋል፣ ውስጡ ያሉት ጠጠሮችና ባቄላዎች ሲንኳኩ ይሰማሉ።

«አዎ» አልኩ። «የሳቸው ነው።»

እንዴት ቶሎ ወጣ ያ ቃል! ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው «ልጅ አዳንሽ» ብሎኛል። እኔ ግን ያን ጊዜ ስለ ልጅ አላሰብኩም። ያ ሰው ዓይኑን ከእኔ ላይ እንዲያነሳልኝ ብቻ ነበር የፈለግሁት።

ባርኔጣውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ከኋላቸው ልብ ብዬ አይቻቸው አላውቅም ነበር፤ ማጅራታቸው ላይ የልጅነት ጠባሳ አለ። በሩ ጋ ሲደርሱ ወደ ልጆቹ ዞር አሉና፣ «እየፈራሁ ነው የምሄድ» አሉ። «ባርኔጣውን አደራ።»

ሽንት ቤት ገብቼ እጄን ስከፍት ሰማያዊ ዶቃ ነው። መጣል ፈራሁ፣ መያዝም ፈራሁ። ቤቴ ወስጄ ጨው ዕቃ ውስጥ ቀበርኩት። ከዚያ በኋላ ወጥ ውስጥ ጨው በጨመርኩ ቁጥር ማንኪያው ይነካው ነበር።

ትምህርት ቤቱ በዚያው ሳምንት ተዘጋ። መምህር ስሜነህ ለወራት ያሉበትን የሚያውቅ አልነበረም። በኋላ ተለቀቁ የሚል ወሬ መጣ፤ ደረታቸው ታሟል፣ ቡሬ ገጠር ከቤተሰባቸው ገብተዋል ተባለ። ሄጄ አልጠየቅኋቸውም። መንገድ ተዘግቷል እል ነበር። ሲከፈት ደግሞ ይዘጋ ይሆናል እላለሁ። ጨው እንኳ ገዝቼ ዕቃውን ስሞላ ዶቃውን ከላይ አላየውም ብዬ ደስ ይለኝ ነበር። አፈርኳቸው ማለት ይቀለኛል፤ ግን የፈራሁት ዓይናቸውን ነው።

ለሰልስቱ ሄድኩ። ዶቃውን ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጠርኩት። ሚኒባሱ ሁለት ቦታ ቆሞ ተፈተሽን፤ ፈታሿ ቋጠሮውን በጣቷ ዳበስ አድርጋ አለፈችው፣ እኔ ግን ቡሬ እስክንገባ ቋጠሮውን ከመዳፌ አላወጣሁትም። ከቡሬ ወዲያ በእግር ነው። ይታይሽ መንገድ ድረስ ወጥታ ጠበቀችኝ። አድጋለች፣ ከስታለች።

ለቀስተኛው ሳሳ ሲል ከጓሮ ወሰደችኝ። ዋንዛ ዛፍ ሥር በከሰል የጠቆረ ሳንቃ ተደግፏል፣ ፊቱ ድንጋዮች ተደርድረዋል። ከድሮው ክፍል አራት ልጆች ቆመው ነበር፤ ጎንበስ ብለው ሰላም አሉኝ።

«ለሠፈሩ ሕፃናት ፊደልና ሒሳብ እናስተምራለን» አለች ይታይሽ። «እሳቸው ናቸው ያስጀመሩን፣ አልጋ ላይ ሁነው።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «መምህርት፣ ያን ቀን ባርኔጣውን ያራገፍሁት እኔ ነኝ። ሁሉም የየራሱን ወሰደ። የሳቸው ጠመኔ እዚያው ነበር። የኔ ዶቃ ብቻ ጠፋ።»

ከድንጋዮቹ አንዱ ላይ ተቀመጥኩ። የነጠላዬን ጫፍ ዘረጋሁላትና ቋጠሮውን ራሷ ፈታችው። ዶቃውን መዳፏ ላይ አድርጋ ቆየች።

«ሲፈቱ ሂጄ ነገርኋቸው» አለች። «ተራው የኔ ነበር አልኋቸው። እጄን ያዙና ይቅርታ ጠየቁኝ። ‹አባቴ ቢያየኝ ምን ይለኝ፣ የሰው ተራ ቀማሁ› አሉ። ‹ሌላ ያጠፋሁት የለም፣ እሱን ግን አውቄ አጠፋሁ።›»

መጠየቅ አልፈለግሁም፣ ግን ጠየቅሁ። «ስለ እኔስ?»

ይታይሽ አንገቷን ደፋች። «‹እሷን አትውቀሷት፣ ከኔ ይልቅ ፈርታለች› አሉ። ‹ብትመጣ ግን አንድ ነገር ንገሯት። ስንቱን ዕጣ ስታወጣ የሷ አንድ ቀን ገብቶ አያውቅም።›»

ሰው ሞቶም ዓይኑ ያያል ለካ። ተከናንቤ አለቀስኩ፤ አልከለከሉኝም። ስጨርስ ይታይሽ አረንጓዴውን ባርኔጣ ከዛፉ ቅርንጫፍ አወረደች። እዚህ ዕጣ የሚጣለው ለገዥነት አልነበረም። የሳምንቱ አስተማሪ ማን እንደሆነ ነው። መሣሪያ የያዘ ሰው መጥቶ «ማን ነው ሰው የሚሰበስብ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ተነስቶ «እኔ ነኝ» የሚለው እሱ ነው። ሌሎቹ ሕፃናቱን ይዘው ወደ ማሳው ይወርዳሉ። እስካሁን አንድ ጊዜ መጥተዋል፤ ያን ሳምንት የተነሳውን ልጅ ስሙን ጽፈው ተመልሰዋል።

አንድ በአንድ ጨመሩ። ጠጠር፣ ባቄላ፣ ክዳን፣ የበቆሎ ፍሬ። ይታይሽ ዶቃዋን ጨመረች። ከዚያ ባርኔጣውን ወደ እኔ ዘረጋችው።

በቡሬ በኩል የሞተር ሳይክል ድምፅ ተሰማ። ሁላችንም ወደዚያ ዞርን። ቀረበ፣ ከዚያ ራቀ። የመመለሻዬ ሚኒባስ የሚነሳበት ሰዓት ደርሷል፤ ብነሳ ማንም አይቀየመኝም። እጄን ወደ ጆሮዬ ሰደድኩና አንዱን ጉትቻዬን ፈታሁ።

«እየፈራሁ ነው የምጨምረው» አልኩ።

«እኛም» አለች ይታይሽ።

ከወፍጮ የምትመለስ አንዲት ሴትዮ በአጥሩ በኩል ስታልፍ ጠሯት። የዱቄት ስልቻዋን አውርዳ ገባች፣ ምን ላውጣ ብላም አልጠየቀችም፤ ታውቀዋለች። ነጭ የሆነ እጇን በቀሚሷ ጠረግ አድርጋ ባርኔጣው ውስጥ ሰደደች። ዓይኔን አልጨፈንኩም።